ለቀለም መርጫ ክፍል አክቲቬትድ ካርቦን፦ ስንት ኪሎ ያስፈልጋል? ለምን ቶሎ ይሞላል?

ቀለም ቤት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለእንጨት ዕቃ ማምረቻ የቀለም መርጫ ክፍል የአክቲቬትድ ካርቦን (ተን እንዲይዝ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል) ማጣሪያ ልንሠራ ነው። ቦታው አዲስ አበባ ሲሆን ከኋላ መኖሪያ ቤቶች አሉ፤ የቲነሩ ሽታ ቀጥ ብሎ ግቢያቸው ይገባል። ሕፃናት ያሉበት ግቢ ስለሆነ ነገሩን በቁም ነገር ይዘነዋል።

መረጃው ይኸውና። የክፍሉ የፊት ክፍት 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው። የሚረጨው ናይትሮ ሲለርና ላከር፣ በቀን 4 ሊትር ገደማ፣ 4 ሊትር ቲነር ተጨምሮበት። መርጨቱ በቀን 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ገበያ ላይ ባለ 25 ኪሎ ጆንያ ካርቦን አለ፤ «ለውኃ ማጣሪያ» ይላል። ሁለት ጆንያ በላሜራ ሳጥን አድርገን ከፋኑ ፊት ብናስቀምጥ ሽታውን ይይዘዋል? ተራ ከሰል ፈጭቶ መጠቀምስ ይሆናል?

ኬሚስት ዘቃሊቲ

ወንድሜ፣ ሳጥኑን ከመበየድህ በፊት ስሌቱን እንሥራ። ካርቦን የያዘውን ነገር አያቃጥለውም፣ አይለውጠውም፤ ውስጡ ያከማቸዋል። በቀን ስንት ኪሎ አሟሚ (ቀለሙን የሚያቀጥነውና ሲደርቅ የሚተነው ፈሳሽ) አየር ላይ እንደሚለቀቅ ካልታወቀ ስንት ኪሎ ካርቦን እንደሚያስፈልግ ማወቅ አይቻልም።

4 ሊትር ቲነር 3.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁሉም ይተናል። 4 ሊትር ላከር 3.8 ኪሎ ቢሆን ሦስት አራተኛው ገደማ አሟሚ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ከአምራቹ ቴክኒካል መግለጫ አውጣ፤ የጠጣር ይዘቱን ከ100 ስትቀንስ የሚተነውን ታገኛለህ። 2.8 ኪሎ እንበል። ድምሩ በቀን 6.3 ኪሎ ነው።

እንደ ቲነር ያለ ድብልቅ፣ ማለትም ቶሉይን፣ አሴቶን፣ ኢታይል አሴቴትና ቡታይል አሴቴት፣ በብዙ አየር ሳስቶ ሲመጣ ለዲዛይን የምወስደው መጠን የካርቦኑን ክብደት 10% ነው። ስለዚህ 6.3 ኪሎ አሟሚ 63 ኪሎ ካርቦን ይጨርሳል። ሁለቱ ጆንያዎች 50 ኪሎ ናቸው፤ የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አያዘልቁም።

ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ካርቦን ትልቅ ጥቅም ያለው ቦታ አለ፤ ግን ከምንጩ መቀነስ ሳይቀድም ካርቦን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የመርጫውን ዓይነት ንገረን።

ሳባ መሐንዲስ

ኬሚስት ያለውን ስሌት እደግፋለሁ። «ተራ ከሰል» ለሚለው ግን ምክንያቱን ማወቅ ስለሚጠቅም ትንሽ ላብራራ።

በጥሩ አክቲቬትድ ካርቦን ውስጥ 1 ግራም ብቻ ወደ 1,000 ሜትር ካሬ የሚደርስ የውስጥ ገጽ አለው። ይህ ገጽ የሚገኘው ከ2 ናኖሜትር በሚያንሱ ረቂቅ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። የቶሉይን ሞለኪውል ስፋት 0.6 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሞለኪውሉ እንዲህ ባለ ጠባብ ቀዳዳ ሲገባ ከግራም ከቀኝም ግድግዳ ይስበዋል፤ ኬሚካላዊ ትስስር አይፈጠርም፤ የሚይዘው ቫን ደር ዋልስ የሚባለው ደካማ መሳሳብ ነው፤ ግን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ተደምሮ ይበረታል። በአየር ላይ ሆኖ ጨርሶ ጤዛ የማይሆን ስስ ተን በቀዳዳው ውስጥ እንደ ፈሳሽ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ሲያዝ ሙቀት ይለቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይለቀቃል። የኋላ ችግሮች ሁሉ ከዚህች ዐረፍተ ነገር ይመነጫሉ።

ተራ ከሰል እነዚህ ቀዳዳዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ግን በሬንጅና በአመድ የተደፈኑ ናቸው። የሚከፈቱት ከሰሉ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት በውኃ እንፋሎት ሲመታ ነው፤ እንፋሎቱ ካርቦኑን ከውስጥ እየበላ ቀዳዳ ይቆፍራል። ከሰል ፈጭቶ ማስቀመጥ ይህን ሥራ አይተካም፤ የሚጨምረው አቧራና የእሳት አደጋ ነው።

ሁሉም ተን እኩል አይያዝም። የፈላ ነጥቡ ከፍ ያለና ከባድ ሞለኪውል በደንብ ይያዛል፦ ዛይሊን (140 ዲግሪ ገደማ)፣ ቶሉይን (111)። ኢታይል አሴቴት (77) መካከለኛ ነው። አሴቶን (56) ቶሎ ያመልጣል። ፎርማልዲሃይድ በተራ ካርቦን አይያዝም ማለት ይቻላል፤ ለእሱ ኬሚካል የተነከረ ካርቦን ያስፈልጋል።

ቀለም ቤት

አመሰግናለሁ። መርጫው የተለመደው ከላይ ጣሳ ያለው ስፕሬይ ጋን ነው፣ በከፍተኛ ግፊት። የውኃው ካርቦን ጥራቱ ጥሩ ቢሆንስ? ሻጩ አዮዲን ቁጥሩ 1,000 ነው ብሏል።

ሳባ መሐንዲስ

አዮዲን ቁጥር ካርቦኑ ስንት አዮዲን እንደሚይዝ በፈሳሽ ውስጥ የሚለካ ነው፤ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ለአየር ግን የሚጠየቀው ሲቲሲ (ካርቦኑ የካርቦን ቴትራክሎራይድ ተን በክብደቱ ስንት በመቶ እንደሚይዝ) ወይም በቡቴን ጋዝ የሚለካው የቡቴን ቁጥር ነው። ሲቲሲ 60% እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከኮኮናት ቅርፊት ወይም ከድንጋይ ከሰል የተሠራ ፈልግ። ከእንጨት የተሠራው ሰፋፊ ቀዳዳ ስላለው ቀለም ከፈሳሽ ለማውጣት ይሻላል።

ትልቁ ችግር የፍሬው መጠን ነው። የውኃ ካርቦን ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለአየር የሚሆነው 4 ሚሊሜትር ፔሌት (ድብልብል ፍሬ) ነው። በሰከንድ 0.25 ሜትር ፍጥነት 4 ሚሊሜትሩ በ1 ሜትር ጥልቀት 500 ፓስካል ገደማ ይቃወማል፤ 1 ሚሊሜትሩ አሥር እጥፍ ይቃወማል። ተራ ፋን ያንን መግፋት አይችልም፤ አየሩ ይታፈንና የሚረጨው ቀለም ጭጋግ ወደ ሠራተኛው ይመለሳል።

አየርና ቱቦ

ስለ አየሩ መጠን እኔ ልቀጥል። 2 በ2 ሜትር ክፍት ላይ በሰከንድ 0.5 ሜትር ፍጥነት ቢያስፈልግ 2 ሜትር ኩብ በሰከንድ፣ በሰዓት 7,200 ሜትር ኩብ ነው። በካርቦኑ ውስጥ 0.25 ሜትር በሰከንድ እንዲያልፍ 8 ሜትር ካሬ የአልጋ (አየሩ የሚያልፍበት የካርቦን ንጣፍ) ስፋት ያስፈልጋል። ጥልቀቱ 40 ሳንቲሜትር ቢሆን 3.2 ሜትር ኩብ፣ ማለት 1,500 ኪሎ ገደማ ካርቦን ነው፤ አየሩ ውስጡ የሚቆየው 1.6 ሰከንድ። በ10% ስሌት 150 ኪሎ አሟሚ ይይዛል፤ ያ ለ24 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ 1,500 ኪሎው ይቀየራል። ዋጋውን ገበያ ላይ ጠይቀህ አባዛው፤ ውሳኔው እዚያው ይታያል።

ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ ሳጥኑን ማሳነስ የሚፈልግ አይጠፋም። ግፊቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ፋኑም ይደክማል፣ ሞለኪውሉም ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ለመግባት ጊዜ ያጣል።

አንድ አዲስ አበባን የሚመለከት ነገር፦ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከመጽሐፍ ላይ 1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) ቶሉይን 3.77 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ነው ብለህ ብታሰላ ትሳሳታለህ፤ እዚህ 2.9 ገደማ ነው። ፋንም ሲገዛ ካታሎጉ ላይ ያለው ግፊት በባሕር ወለል የአየር እፍጋት ስለሚለካ እዚህ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ኬሚስት ዘቃሊቲ

የሻጮች ብሮሹር የማይነግረው ሌላም አለ። ድብልቅ ሲመጣ መጀመሪያ ሁሉም ይያዛል፤ ከዚያ ካርቦኑ እየሞላ ሲሄድ ጠንካራው ደካማውን እያፈናቀለ ይገባል። ቶሉይንና ዛይሊን አሴቶኑን ከቦታው ያስለቅቁታል። ስለዚህ በመውጫው በኩል መጀመሪያ የሚሸተው አሴቶን ነው፤ ለተወሰነ ጊዜም የሚወጣው አሴቶን ከሚገባው ሊበልጥ ይችላል። «ካርቦኑ ራሱ ሽታ አመጣ» የሚባለው ይህ ነው።

የሞላውና ያልሞላው ካርቦን የሚለዩበት ድንበር በአልጋው ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ መውጫው ይጓዛል። ድንበሩ እዚያ እስኪደርስ መውጫው ንጹሕ ይመስላል፤ ከዚያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይገለበጣል። በአፍንጫ መጠበቅ አያዋጣም፣ አፍንጫ ሽታውን ይለምዳልና። ከአልጋው ሁለት ሦስተኛ ጥልቀት ላይ ቀጭን የመዳብ ቱቦ አስገብተህ ከዚያ በፒአይዲ (ተንን በአልትራቫዮሌት መብራት የሚለይ) መለኪያ ለካ። ባለ 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት መብራት ቶሉይንን፣ አሴቶንንና ኢታይል አሴቴትን ያያል፤ ሜታኖልን አያይም፤ ርካሽ ቲነር ውስጥ ደግሞ ሜታኖል ሊኖር ይችላል።

መለኪያ ከሌለ፦ በሽቦ ወንፊት የተሰፉ ትናንሽ ከረጢቶች፣ እያንዳንዳቸው 50 ግራም ካርቦን የያዙ፣ በመግቢያው፣ በመካከልና በመውጫው በኩል አልጋው ውስጥ ቅበር። በየሳምንቱ አውጥተህ መዝን። የመካከለኛው ክብደት ከመግቢያው ጋር ሲተካከል መቀየሪያው ቀርቧል።

ጥንቃቄ ይቅደም

ስለ እሳት ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳ፤ ይህ ከሽታው በፊት የሚመጣ ነው።

የናይትሮ ላከር ጭጋግ ደርቆ የሚቀረው ዱቄት ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ በቀላሉ ይያያዛል። ወደ ካርቦኑ ከገባ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ማገዶም ይሆናል። ከካርቦኑ በፊት ሁለት ደረጃ ያስፈልጋል፦ የመስታወት ጭረት ወይም የታጠፈ ካርቶን የቀለም ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ኤፍ 7 የሚባለው ረቂቅ ማጣሪያ። የቆሸሸውን ማጣሪያ ጥግ ላይ አትከምሩት፤ ውኃ በሞላ ክዳን ባለው የብረት በርሜል ይነከር።

አሴቶንና ኤምኢኬ (ሜታይል ኢታይል ኪቶን) የመሳሰሉ ኪቶን የሚባሉ አሟሚዎች በካርቦን ገጽ ላይ ከኦክስጅን ጋር ቀስ ብለው ይቃጠላሉ። አየር እየነፈሰ ሳለ ሙቀቱ ይወሰዳል። ማታ ፋኑ ሲዘጋ ግን አልጋው መሐል ሙቀቱ ይታጎራል፤ ጥልቅ አልጋ ላይ ጠዋት ፋኑ ሲነሳ እሳት የሚታየው ለዚህ ነው። መርጨት ካቆመ በኋላ ፋኑ ቢያንስ 1 ሰዓት በንጹሕ አየር ይሥራ፤ አልጋው ውስጥ በተለያየ ቦታ ቴርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ይቀመጥ። ካርቦን ውስጥ ውስጡን መቃጠል ሲጀምር መጀመሪያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሆነ በመውጫው የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ከጭስ መለኪያ ቀድሞ ይናገራል። የፋኑ ሞተር ከአየሩ መስመር ውጭ ሆኖ በቺንጋ ይዙር፤ ሳጥኑና ቱቦው በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ (ኧርዝ ይደረግ)።

ካርቦን ያለበት ዝግ ሳጥን ውስጥ ሰው አይግባ። እርጥብ ካርቦን ኦክስጅንን ከአየሩ ይወስዳል፤ ምንም ሽታ ሳይኖር ሰው ይወድቃል። ካርቦኑ ከውጭ በሚከፈት በር የሚወጣ ይሁን።

ከአቡ ዳቢ

እዚህ ባሕረ ሰላጤው ላይ የካርቦን ዋና ጠላት እርጥበት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ50% ሲያልፍ ውኃ በቀዳዳዎቹ ውስጥ መከማቸት ይጀምራል፤ በተለይ የአሟሚው መጠን ስስ ሲሆን ቦታውን ይሻማል። አዲስ አበባም ክረምት ላይ ይህ አይቀርም። 18 ዲግሪ ላይ 80% እርጥበት ያለው አየር ወደ 26 ዲግሪ ቢሞቅ እርጥበቱ ወደ 49% ይወርዳል። ግን ለ7,200 ሜትር ኩብ በሰዓት ወደ 15 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ በግልጽ ሽቦ ማሞቂያ ደግሞ በአሟሚ አየር ውስጥ በፍጹም አይታሰብም። ለትንሽ አየር ያዋጣል፣ ለትልቅ አያዋጣም። የአየሩ ሙቀትም ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ።

አናጢው

ካርቦኑን ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደገና መጠቀም ይቻላል የሚሉ አሉ። ወይም ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ። እውነት ነው?

ኬሚስት ዘቃሊቲ

ፀሐይ የላይኛውን አሴቶን ያስወጣል፤ ጥልቁ ውስጥ ያለው ቶሉይንና ዛይሊን አይነቃነቅም። የወጣውም የሚገባው እዚያው ጎረቤት ግቢ ነው፤ ያንን ለመከላከል ነበር ሥራው ሁሉ።

ምድጃ ጨርሶ አይሞከር። አሟሚ የጠጣ ካርቦን ሲሞቅ ተኑን በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ዝግ ምድጃ ውስጥ ፍንዳታ ነው። በፋብሪካ ደረጃ የሚደረገው በእንፋሎት ነው፦ ለ1 ኪሎ አሟሚ ከ3 እስከ 5 ኪሎ እንፋሎት ይነፋል፣ ተኑ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ይሰበሰባል። ያኔም ሁሉም አይወጣም፤ የሚቀረው ቅሪት በየዙሩ አቅሙን ይቀንሳል።

ያገለገለው ካርቦን ክዳኑ በጥብቅ በሚዘጋ የብረት በርሜል ይቀመጥ፣ በላዩም በትልቁ ይጻፍበት። ለማገዶ ተብሎ ከግቢ እንዳይወጣ አደራ። መልኩ ከሰል ነውና አንድ ሰው ምድጃው ላይ ሊያደርገው ይችላል፤ ቤት ውስጥ ሲቀጣጠል የሚወጣው ተን ቤተሰብ ይጎዳል።

ሳባ መሐንዲስ

ጆንያ ከመግዛታችሁ በፊት ናሙናውን የምትፈትሹበት መንገድ ይኸውና። 20 ግራም ካርቦን በምድጃ በ150 ዲግሪ ለ3 ሰዓት አድርቁ (አዲስ ካርቦን ብቻ!)፣ በተዘጋ ዕቃ አቀዝቅዙና በወርቅ ሚዛን መዝኑ። ዝርግ ሳህን ላይ ስስ አድርጋችሁ በትኑት። ሰፊ የመስታወት ማሰሮ ታች ትንሽ ቶሉይን አፍስሱ፣ ሳህኑን ፈሳሹ እንዳይነካው በመቆሚያ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ክዳኑን ዝጉ። እሳትም ብልጭታም በሌለበት ቦታ ይሁን። በየቀኑ መዝኑ፤ ክብደቱ መጨመር ሲያቆም ንባቡን ያዙ።

ሲቲሲ 60 የሆነ ካርቦን 20 ግራሙ 26.5 ግራም አካባቢ ይደርሳል። 22 ላይ ከቆመ የሸጡላችሁ ከሰል ነው። በቶሉይን ፈንታ በተለመደው ቲነር ብትፈትሹ ቁጥሩ ይለያያል፤ ሁለት ናሙና ለማወዳደር ግን ይጠቅማል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ ተኑ እስኪጠግብ ያለው ከፍተኛ አቅም ነው። ስስ በሆነ አየር ውስጥ የሚገኘው ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ 10%ን አትርሱ።

ጥንቃቄ ይቅደም

የረጪው ማስክም ካርቦን ነውና አብሮ ይነሳ። የጨርቅና የአቧራ ማስክ ተን አይይዝም። በአውሮፓ ደረጃ ቡናማ ቀለበት ያለው ኤ ዓይነት ካርትሪጅ (የማስኩ ማጣሪያ) የፈላ ነጥባቸው ከ65 ዲግሪ በላይ ለሆኑ ነው፤ አሴቶን ከዚያ በታች ነው፣ ለእሱ ኤኤክስ የሚባለው አለ። በአሜሪካ ደረጃ የኦርጋኒክ ተን ካርትሪጅ ጥቁር ነው። ሁለቱም ገበያችን ላይ ስላሉ ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ ጽሑፉን አንብቡ። ካርትሪጁ ማታ ማታ በዚፕ ላስቲክ ካልታሸገ ከክፍሉ አየር እየጠጣ ያድራል፣ የጠጣውም በውስጡ እየተስፋፋ ወደ መተንፈሻው በኩል ይጠጋል። ሁለት ጣሳ የሚቀላቀልበት ፖሊዩሬቴን ከጀመራችሁ ደግሞ አይሶሲያኔት አለበት፤ ሽታው ስለማያስጠነቅቅ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ማስክ ያስፈልጋል።

አየርና ቱቦ

ወደ መፍትሔው እንምጣ። የተለመደው ከፍተኛ ግፊት ጋን ከሚረጨው እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። ኤችቪኤልፒ (ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት) የሚባለው ጋን፣ በአፍንጫው ላይ ከ10 ፒኤስአይ የማይበልጥ፣ 65% ያሳርፋል። ለዚያው ሥራ የሚያስፈልገው ላከርና ቲነር ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ 6.3 ኪሎው 3.4 ገደማ ይሆናል። ከየትኛውም ካርቦን የሚበልጥ ለውጥ ነው። ኮምፕሬሰሩ ግን በቂ አየር መስጠት አለበት፤ ይህ ጋን ግፊት ባይፈልግም የአየር መጠን ይፈልጋል።

ቀጥሎ የመውጫ ቱቦውን ከጣሪያው ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ አድርጎ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማውጣት። አናቱ ላይ ያለውን የዝናብ ኮፍያ አንሱት፤ አየሩን ወደ ታች የሚመልሰው እሱ ነው። ለ2 ሜትር ኩብ በሰከንድ 41 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ቱቦ ብትጠቀሙ አየሩ 15 ሜትር በሰከንድ ይወጣል፤ ዝናብ ያን ተቃውሞ አይገባም፣ ፋኑ ሲቆም የሚገባውን ለማፍሰስ ከታች ትንሽ ቀዳዳ ይበቃል።

ቀለም ቤት

በዚህ መሠረት እቅዱን ቀይረናል። ጋኖቹ ይቀየራሉ፣ የመርጫው ክፍል ባለሁለት ደረጃ ማጣሪያና ከፍ ያለ ቱቦ ብቻ ይኖረዋል። ካርቦኑን ለማድረቂያው ክፍል እናደርገዋለን፤ እዚያ የሚወጣው አየር 600 ሜትር ኩብ በሰዓት ብቻ ነው፣ መስኮቱም ወደ ጎረቤት ነው። በ0.25 ሜትር በሰከንድ 0.67 ሜትር ካሬ፣ በ50 ሳንቲሜትር ጥልቀት 160 ኪሎ አገኘን። ስህተት አለው?

ኬሚስት ዘቃሊቲ

ስሌቱ ልክ ነው፤ 16 ኪሎ አሟሚ ይይዛል። ስንት ቀን እንደሚያቆይ ለማወቅ የሚቀረው የማድረቂያው ድርሻ ነው። 50 በ50 ሳንቲሜትር ጣውላ እንደተረጨ መዝን፣ ሲደርቅ ድገም፤ ልዩነቱን በ4 አባዝተህ የ1 ሜትር ካሬውን አግኝ፣ ያንን በቀን በሚገባው ስፋት (በሜትር ካሬ) አባዛ። ለምሳሌ 1 ኪሎ በቀን ቢመጣ 16 ቀን ነው። ፋኑ ማታም ከሠራ የአሴቶን ሙቀት ስጋቱም ይቀንሳል።

አየርና ቱቦ

አልጋው ጠፍጣፋ ሆኖ አየሩ ከላይ ወደ ታች ይለፍ። እንደ በር የቆመ ሳጥን ከሆነ ካርቦኑ በንዝረት እየረገበ አናቱ ላይ ክፍተት ይፈጠራል፤ አየሩ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ 5% በዚያ ካለፈ ሽታውም ያንኑ ያህል ያልፋል። ጠርዙን በሲሊኮን ሳይሆን ተን በማይበላው ጋስኬት አሽጉት። ሲሞላ ቀስ ብሎ ይፍሰስ፣ ጥቁር ብናኙ ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች በሸራ ተይዞ ይውጣ። ፋኑን ደግሞ ከካርቦኑ በኋላ አድርጉት፤ ሳጥኑ ቢያፈስ እንኳ ንጹሑ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል እንጂ የክፍሉ ተን ወደ ውጭ አይሾልክም።